ውሃ ውስጥ መውለድና የእኔ አርዕስት

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ለንደን የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ስምንት ወር ሲሞላት ደወለችና "አዋላጇ ገንዳ ውስጥ መውለድ ትፈልጊያለሽ ወይ አለችኝ፤ አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? እስቲ አጣራልኝ" አለች። እናታችን "ልጁ ውሃ ቢጠጣስ?" ብላ አማተበች። እኔ ደግሞ ለክፍል የቤት ሥራ "ያለ ሕመም መውለድ ተቻለ" የሚል ዜና ጻፍኩ። መምህራችን በቀይ አሰመረበትና "ማን አለ?" ብሎ መለሰልኝ።

እውነትም ማንም አላለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ሚሼል ኦዶን በፒቲቪዬ ሆስፒታል ስለተከናወኑ 100 የውሃ ውስጥ ወሊዶች እ.ኤ.አ. በ1983 ላንሴት በተባለው መጽሔት ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ጥናቶች የሚሉት፣ ለብ ያለ ውሃ ምጥን ሊያቀልና በጀርባ የሚሰጠውን ማደንዘዣ ሊያስቀንስ ይችላል ነው። የእንግሊዝ መመሪያ ውሃው ከ37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዳይበልጥ ያዛል። መንታ ላረገዘች ወይም ደም ግፊት ላለባት ግን በአብዛኛው አይመከርም።

የእናቴም ጥያቄ ተራ አልነበረም። ሕፃኑ እስኪወጣ ኦክስጅን የሚያገኘው በእትብቱ ነው፤ ስለዚህ ወዲያው ፊቱ ከውሃ በላይ መውጣት አለበት። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ምጡን በውሃ ቢፈቅድም፣ ወሊዱ ከውሃ ውጭ ይሁን ብሏል።

እህቴ ሁለቱንም ሰምታ "ምጡን ገንዳ ውስጥ፣ ሌላውን አዋላጇ እንዳለችው" ብላ ወሰነች። እኔም አርዕስቴን ቀየርኩ፦ "ውሃ ምጥን ሊያቀል ይችላል፤ ለሁሉም ግን አይሆንም"። ያን ያህል አይስብም። ግን የመጀመሪያውን አንብባ ብትወስንስ ኖሮ?