ለባለትዳሮች፦ የኤች.አይ.ቪ ምርመራና ሕክምና ወደ ቤታችን እንዴት ይቅረብ?



በመንግሥት ጤና ጣቢያ የኤች.አይ.ቪ ምርመራ ክፍያ የለውም። የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒትም ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መታደል ጀምሯል። ይሁን እንጂ ነፃ የሆነ ነገር ሁሉ ለሁሉም ቅርብ ነው ማለት አይደለም። በቀን ሥራ ለሚተዳደር አባወራ ግማሽ ቀን ወረፋ መጠበቅ የዕለት ጉርሱን ያሳጣዋል። ጉሊት የምትቸረችር እናት ገበያዋን ጥላ መሄድ ይከብዳታል። ከመሐል አዲስ አበባ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ ወይም ወደ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ለተዛወረ ቤተሰብ ደግሞ የቀድሞው ጤና ጣቢያ ሩቅ ይሆንበታል። «ጎረቤት ቢያየኝስ?» የሚለው ሥጋት ሲጨመርበት ብዙዎች ከመንገድ ይቀራሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚከተሉትን ተወያዩባቸው።

1ኛ. በአንድ ጉዞ ሁለታችሁም ተመርመሩ። ነፍሰ ጡር እናት ለቅድመ ወሊድ ክትትል ስትመጣ ምርመራው ይደረግላታል። ባልም አብሯት ከመጣ መመርመር ይችላል። ብዙ ባሎች «እሷ ነፃ ከሆነች እኔም ነፃ ነኝ» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ባልና ሚስት ለዓመታት አብረው እየኖሩ ቫይረሱ በአንዱ ደም ውስጥ ሊገኝ፣ በሌላው ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የሚስት ውጤት የሚስት ብቻ ነው። ባል ሳይመረመር ቀርቶ ሚስት በእርግዝና ወይም በጡት ማጥባት ጊዜ በቫይረሱ ብትያዝ፣ በመጀመሪያው ምርመራ ነፃ የተባለችው እናት ሳታውቀው ለልጇ ልታስተላልፍ ትችላለች። ባለፉት 3 ወራት ውስጥ ለቫይረሱ ተጋልጦ ሊሆን የሚችል ሰው ምርመራውን መድገም አለበት።

2ኛ. ቤት ለቤት የሚዞሩትን የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በደስታ ተቀበሉ። የት መመርመር እንደምትችሉና ወረፋ የሚቀለው መቼ እንደሆነ ጠይቋቸው።

3ኛ. በሰፈራችሁ መታየት ካልፈለጋችሁ ወደ ሌላ ሰፈር ጤና ጣቢያ ሂዱ። ውጤታችሁን በምስጢር መያዝ የባለሙያው ግዴታ ነው።

4ኛ. ቤት ስትቀይሩ መድኃኒት አታቋርጡ። ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ከምትከታተሉበት ክሊኒክ የዝውውር ወረቀት አጽፉ። የትኛውን መድኃኒት ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስዱ ለአዲሱ ባለሙያ የሚያሳውቀው ይህ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ሳትይዙ ከተዛወራችሁም አፍራችሁ ቤት አትቀመጡ፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና አስረዱ።

5ኛ. ሕክምናው የተስማማችሁና ጤንነታችሁ የተረጋጋ ከሆነ ስለ 6 ወር ቀጠሮ ጠይቁ። የግማሽ ዓመት መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት አሠራር በአገራችን አለ። ይህም የታክሲ ገንዘብና የሥራ ቀን ያተርፋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል? እናት ካልታከመች ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 ወደሚሆኑት ሊተላለፍ ይችላል። እናትና ሕፃኑ ተገቢውን ሕክምና በጊዜ ካገኙ ግን ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። እንዲሁም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። እንግዲህ መመርመር ትዳርን የሚያፈርስ ሳይሆን ትዳርንና ልጅን የሚጠብቅ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ወደ ክሊኒክ ስትመጡ ባል ደጅ ቆሞ አይጠብቅ፤ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይግባ።