የዘንጉ ቁጥርና የክሩ ክብደት፦ ለትራውት የሚሆን ቀላል ባለሁለት እጅ ዘንግ አመራረጥ

በዘንድሮው የዓመት መጽሐፍ ስለ ትምህርት ጥራት እንድንጽፍ ተጠይቀን ነበር። እኛ ግን ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መጻፍ መረጥን። የተፈጥሮ ክበባችን ዘንግ የተገዛው እናንተ ባዋጣችሁት ገንዘብ ነው፤ ግዢው መጀመሪያ የተበላሸው ደግሞ በእኛው በርእሰ መምህሩ ችኮላ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ትምህርትም ነው፣ ሒሳብ ማወራረጃም ነው።

ትራውት የኬንያ ተወላጅ ዓሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 ኢዋርት ግሮጋን የተባለ ሰፋሪ ከስኮትላንድ ከሎክ ሌቨን ሐይቅ የመጣ ዘር በአበርዴር ተራሮች በጉራ ወንዝ ውስጥ ለቀቀ። ውሃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ስለነበር ዓሣው ተስማማው። ዛሬ በአበርዴርና በኬንያ ተራራ ዙሪያ እነ ቻንያ፣ ሳጋና፣ ራጋቲና ቲባን የመሳሰሉ ወንዞች ትራውት አላቸው። ለልጆቻችን የሚያስደስታቸው ሌላም ነገር አለ፤ በእኛው በባሌ ተራሮች በዌብና በሻያ ወንዞች የሚገኘው ትራውት የሄደው ከኬንያ ነው። እኛ ወደዚህ ስንመጣ እሱ ወደዚያ ተጉዟል ማለት ነው።

ክበቡ ሊማር የፈለገው የማጥመድ ዘዴ ዝንብን በወራጅ ውሃ ማሻገር ይባላል። ዝንብ ስንል ከላባና ከክር በትንሽ መንጠቆ ላይ የተሠራች ማታለያ ማለታችን ነው። አጥማጁ ወንዙ ዳር ወይም ከጉልበት በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ይቆምና ክሩን ወደ ማዶ፣ ትንሽ ወደ ታችኛው ተፋሰስ አዘንብሎ፣ በ45 ዲግሪ ገደማ ይወረውራል። ወራጁ ክሩን ይወጥረዋል፤ ዝንቧም ከማዶ ወደ እኛ ዳር ቅስት እየሠራች ትሻገራለች። ከሥር ወደ ላይ የምትዋኝ ነፍሳት ወይም የምትሸሽ ትንሽ ዓሣ ትመስላለች። ክሩ ሲቆም አጥማጁ ሁለት እርምጃ ወደ ታች ይወርድና እንደገና ይወረውራል። እንዲህ እያለ ወንዙን እንደ ገበሬ ትልም በትልም ያዳርሰዋል።

ለዚህ ሥራ በሁለት እጅ የሚያዝ ዘንግ የሚመረጠው ለምንድን ነው? መልሱ ከኋላችን ባለው ቁጥቋጦ ነው። በአንድ እጅ ዘንግ ሲወረወር ክሩ መጀመሪያ ወደ ኋላ በአየር ላይ ይዘረጋል። ዳሩ ዛፍ ከሆነ መንጠቆው ቅርንጫፍ ላይ ይቀራል። በስኮትላንድ የስፔይ ወንዝ ሳልሞን አጥማጆች ይኸው ችግር ስለነበረባቸው በ19ኛው መቶ ዘመን ሌላ ዘዴ አዳበሩ። ክሩ ወደ ኋላ አይዘረጋም፤ ጫፉ ውሃው ላይ አርፎ ቀሪው ከአጥማጁ ጎን ደጋን ይሠራል፤ ከዚያ ወደ ፊት ይፈናጠራል። የላይኛው እጅ ዘንጉን ይመራል፣ የታችኛው እጅ ወደ ሆድ ይስባል። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የተማራችሁት ማንሻ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ነው እኛ የተሳሳትነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ «ባለሁለት እጅ ዘንግ» የሚለውን ብቻ ሰምተን 13 ጫማ ርዝመት ያለው፣ 7 ቁጥር ዘንግ ገዛን። ያ ለሳልሞን የተሠራ ነው። የ12 ዓመት ልጅ አሥር ጊዜ ወርውሮበት ክንዱን ያመዋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ዓሣው ሲይዝ ነው። የእኛ ወንዞች ትራውት ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ዝንቧ ስትሻገር ክሩ የተወጠረ ስለሆነ ዓሣው በድንገት ነጥቆ ይዞራል፤ ያን ንጥቂያ መቀበል ያለበት የዘንጉ ጫፍ ነው። ጫፉ ደረቅ ከሆነ ቀጭኗ የጫፍ ክር ትበጠሳለች፣ ወይም መንጠቆው ከአፉ ይወጣል። በመጀመሪያው ጉዞ አራት ዓሣ ነክሶ አራቱም አመለጡ። ልጆቹ በእኛ ፊት ምንም አላሉም፤ አውቶቡስ ውስጥ ግን ሲንሾካሾኩ ሰምተናል።

«ቀላል» ማለት እንግዲህ በእጅ ሲያዝ የማይከብድ ማለት ብቻ አይደለም። ለትንሽ ዓሣ የሚታጠፍ፣ ለትንሽ ዝንብ የሚበቃ ክር የሚወረውር ማለት ነው። ለትራውት የሚሠሩት ባለሁለት እጅ ዘንጎች ባብዛኛው ከ10 ጫማ ተኩል እስከ 11 ጫማ ተኩል ይረዝማሉ፤ ቁጥራቸውም 2፣ 3 ወይም 4 ነው። 2 ቁጥር ለትናንሽ ዓሣና ለቀላል ዝንብ ደስ ይላል፤ ነፋስ ሲነሳ ግን ይቸገራል። 4 ቁጥር ከበድ ያለች ዝንብና ሰጣሚ ጫፍ ይሸከማል። ለትምህርት ቤት፣ ብዙ ዓይነት እጅ ለሚነካው ዘንግ፣ 3 ቁጥር ይሻላል እንላለን። ዛፍ ወንዙ ላይ ካጎነበሰ ደግሞ አጭሩን ምረጡ።

ሁለተኛውን ዘንግ፣ 11 ጫማ 3 ቁጥር፣ ከወላጅ ኮሚቴ ጋር ተመካክረን ገዛን። ክር ግን ቀድሞ ለአንድ እጅ ዘንግ የተገዛ 3 ቁጥር ነበረንና ወጪ ለመቆጠብ እሱኑ አሰርንበት። ቁጥሩ አንድ ነውና ምን ችግር አለ? ዘንጉ ግን አልታጠፍ አለ፤ ክሩም እግራችን ሥር እየወደቀ ቀረ። ጥፋቱን በልጆቹ አወራወር ላይ ልንጥል ስንል፣ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ዘንጉ እጀታ አጠገብ «270 ግሬን» የሚል ጽሑፍ አሳየችን። ግሬን ምን እንደሆነ እኛም አናውቅም ነበር። እሷ ፈልጋ አገኘችው፤ አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ነው፣ ስለዚህ ዘንጉ የሚፈልገው 17.5 ግራም ገደማ ነው። ከዚያ የክሩን የመጀመሪያ 30 ጫማ በቤተ ሙከራው ሚዛን ላይ ጠቅልላ አስቀመጠች። 6.5 ግራም!

ምክንያቱ ይህ ነው። ዝንብ ራሷ ክብደት የላትም፤ ዘንጉን አጥፎ ኃይል የሚያጠራቅመው የክሩ ክብደት ነው። ለአንድ እጅ ዘንግ በወጣው መለኪያ የመጀመሪያው 30 ጫማ ክር ለ3 ቁጥር 100 ግሬን፣ ለ5 ቁጥር 140፣ ለ8 ቁጥር 210 ይመዝናል። ባለሁለት እጅ ዘንግ የሚቆጠረው በሌላ መለኪያ ነው። ስለዚህ ባለሁለት እጅ 3 ቁጥር ከአንድ እጅ 8 ቁጥር የበለጠ ክብደት ሊወረውር ይችላል። ሱቅ ስትገቡ ቁጥሩን ሳይሆን ግሬኑን ጠይቁ፤ ዘንጉ ላይ ካልተጻፈም አትግዙ።

የክሩ ራስም ሁለት ዓይነት አለው። ስካጂት የሚባለው፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ባለ ወንዝ የተሰየመው፣ አጭርና ወፍራም ነው፤ ሰጣሚ ጫፍና ከባድ ዝንብ ይጎትታል። ስካንዲ የሚባለው ረዘም ያለና ወደ ጫፉ የሚቀጥን ነው፤ ውሃው ላይ በለሆሳስ ያርፋል። በእኛ ጥርት ያሉ ወንዞች ለትናንሽ ዝንቦች ስካንዲውን ወደድነው። ጀማሪ ግን በስካጂት ቶሎ ይለምዳል፤ በዚህ ላይ ከክበቡ መምህር ጋር እስካሁን አልተስማማንም።

ማጠንጠኛውን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። ከራሱ በስተኋላ ያለው ተከታይ ክር እጅግ ቀጭን ስለሆነ በማጠንጠኛው ስንጥቅ ሾልኮ ይጠላለፋል፤ ስለዚህ ዙሪያው የተዘጋውን ምረጡ። ክብደቱም ዘንጉን ያመጣጥን፤ የላይኛው እጅ በሚይዝበት ቦታ በአንድ ጣት ስትደግፉት ዘንጉ ወደ ፊት ካዘቀዘቀ ቀኑን ሙሉ ክንድ ያደክማል። የዘንጉ መጋጠሚያዎች በዚህ አወራወር ስለሚጠማዘዙ እየላሉ ይወጣሉና በፕላስተር እሰሯቸው። አንድ ጊዜ የዘንጋችን ጫፍ ተነቅሎ ወንዙን ተከትሎ ሲሄድ ሁለት ልጆች ጫማቸውን ሳያወልቁ ገብተው አውጥተውታል። ተቆጥተናቸዋል፤ አመስግነናቸዋልም።

ወላጆች፣ በግላችሁ ለመግዛት ካሰባችሁ መጀመሪያ ወንዙን እዩ። በአንድ ዝላይ ለሚሻገሩት ጅረት የ9 ጫማ የአንድ እጅ ዘንግ ይበቃል፤ ባለሁለት እጁ ትርፍ ወጪ ነው። ፈቃድ ማውጣት ግዴታ መሆኑንም አትርሱ፤ በአበርዴር ደግሞ ጎሽና ዝሆን ስላለ ያለ ጠባቂ ወንዝ ዳር አይወረድም።

በሦስተኛው ጉዞ፣ ትክክለኛው ክር ታስሮ፣ ያቺው የ9ኛ ክፍል ተማሪ በሳጋና አንድ ትራውት ይዛ መልሳ ለቀቀች። 7 ቁጥሩ ዘንግ አሁንም ከቢሯችን በር ጀርባ ቆሟል። ገዢ እየፈለግንለት ነው፤ ሲሸጥ ገንዘቡ ወደ ክበቡ ሣጥን ይገባል፣ ጉድለቱንም እኛ እንሞላለን።