ገበጣ

ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

የሰው ልጅ ከሥራና ከጥናት በኋላ ዕረፍት ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ ዕረፍት ሁሉ አእምሮን አያሳርፍም። ዓይኑን በቴሌቪዥን ወይም በስልክ ላይ ተክሎ ያመሸ ሰው ብዙውን ጊዜ ደክሞ ይነሣል፤ አጠገቡ ከተቀመጠው ወንድሙ ጋር እንኳ ሳይነጋገር ይመሻል።

ገበጣ ግን ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት ያስቀምጣል። ሰሌዳው ከእንጨት ይጠረባል፤ ከታጣም ጉድጓዶቹ በመሬት ላይ ይማሳሉ። ደንቡ እንደየአካባቢው ይለያያል። ከዓይነቶቹ አንዱ ባለ 2 ረድፍ ሲሆን፣ በየረድፉ 6 ጉድጓዶች አሉት። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ሲገባ ድምሩ 48 ይሆናል። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሮቹን አፍሶ ቀጥለው ባሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ ያድላል። የመጨረሻው ጠጠር የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያላሰላ ሰው ጠጠሮቹን ለተጋጣሚው ያስረክባል።

የገበጣ ዘመዶች በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም ይገኛሉ፤ በኬንያና በታንዛኒያ ባኦ፣ በኡጋንዳ ኦምዌሶ ይባላሉ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁትን ልዩ ልዩ ዓይነቶች መዝግበዋል።

ዓይናቸው የደከመ አያት ጠጠሩን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ ቁጥር ገና የሚማር የልጅ ልጃቸውም ድምፁን ከፍ አድርጎ እየቆጠረ አብረው ያመሻሉ። ልጁ ቢሸነፍ ጠጠሮቹን መልሶ ይደረድራል። በዚህም ስሌትን ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትንና መሸነፍን መቀበልንም ይማራል።

ጥያቄዎች

1. በምንባቡ መሠረት ገበጣ ከቴሌቪዥን በምን ይለያል?
2. «ይማሳሉ» እና «ያድላል» ለሚሉት ቃላት ፍቺ ስጡ።
3. በአካባቢያችሁ የሚታወቀውን የገበጣ ደንብ ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።