ከላንጋኖ ምን ይዤ ልመለስ?

«ውድ እትዬ፣ ነዋሪነቴ አዳማ ነው። ዕቁብ ደረሰንና የትዳራችንን አምስተኛ ዓመት ምክንያት አድርገን ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ላንጋኖ ሁለት ሌሊት ልናድር ነው። የሆቴሉ ሒሳብ ዕቁቡን ጨርሶታል ማለት ይቻላል። አሁን የጨነቀኝ መመለሱ ነው። አማቴም፣ የባለቤቴ እህቶችም፣ ቡና የምንጠራራ ጎረቤቶቼም መሄዳችንን ሰምተዋል። አንደኛዋ የባለቤቴ እህት ከዱባይ በመጣች ቁጥር ሽቶና ስልክ ታከፋፍላለች። የሆቴሉ የስጦታ ሱቅ ዋጋው አይቀመስም ብለውኛል። ባለቤቴ ‹ተበድረንም ቢሆን ባዶ እጃችንን አንገባም› ይላል። ፓፓያና ዓሣ ይዤ ብገባ ይንቁኝ ይሆን?»
ምራት ነኝ፣ ከአዳማ

የኔ እህት፣ እንኳን ለአምስተኛ ዓመታችሁ አደረሳችሁ። ባዶ እጅ አለመግባቱ ላይ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ፤ በብድሩ ግን አልስማማም። የዱባዩዋ እህቱ የምታመጣው ሽቶ እናቷን ሳታይ የከረመችበትን ጊዜ ጭምር ይዞ የሚመጣ ነው። አንቺ አጠገባቸው ነሽ። አማትሽ ካንቺ የሚጠብቁት ሌላ ነው፤ ከእህቱ ጋር ለመፎካከር ብለሽ ዕዳ አትግቢ።

የሆቴሉን ሱቅ እለፉት። ስጦታችሁ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ስትሄዱ በሞጆ–ባቱ የፍጥነት መንገድ ብትሄዱ ልጆቹ አይንገላቱም። ስትመለሱ ግን ከባቱ በኋላ በአሮጌው መንገድ፣ በመቂና በዓለም ጤና በኩል ኑ። የፍጥነት መንገዱ ከተሞቹን በጎን ስለሚያልፋቸው ፓፓያ ሻጯንም ቲማቲም ሻጩንም አታገኙም። መኪናው የኮንትራት ከሆነ ሹፌሩን ከመነሻው አስማሙት፤ መንገድ ላይ መከራከር ልብ ያደርቃል።

ዓሣውን ባቱ ላይ ግዙ። የደንበል ሐይቅ ቆሮሶ ስሙ የታወቀ ነው። ጧት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱ፤ ልጆችሽ ፍርፋሪ ለመልቀም የሚሰለፉትን የአባ ኮዳ ወፎች ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ዓሣውን አስጸድተሽ፣ በበረዶ አሽገሽ ሳትዘገዪ ወደ ቤት ነው። አማትሽ በጾም ዓሣ የማይቀምሱ ከሆኑ መመለሻሽ ረቡዕና ዓርብ ላይ እንዳይውል ተጠንቀቂ። የመቂን ፓፓያ ደግሞ ግማሽ ቢጫ የሆነውን ምረጪ፤ ቤት ውስጥ ይበስላል። አዳማም ፓፓያ ሞልቷል ትይኝ ይሆናል። አዎ፣ ግን ብዙ እጅ ዞሮ የመጣ ነው፤ መቂ ላይ ከአምራቹ ሲገዛ ዋጋውም ትኩስነቱም ይለያል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከላንጋኖ የሚመለስ ብዙ መኪና ጣሪያው ላይ ከሰል ጭኖ ነው የሚገባው፤ ዘመድም «ከሰል አምጡልን» ማለቱ አይቀርም። አትጫኑ። ከላንጋኖ ማዶ ያለው የአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ግራሩ የተራቆተበት አንዱ ምክንያት ይኸው ከሰል ነው። ልጆችሽ አድገው የራሳቸውን ልጆች ወደዚያ ሲወስዱ የሚያርፉበት ጥላ እንዲያገኙ እመኛለሁ። ለጠየቀሽ ሰው ይህንኑ ንገሪው፤ የሚከፋው ቢኖር ቅያሜው አይቆይም።

ለአማትሽ ግን የሚበላ ብቻ አይበቃም፤ የሚቀመጥ ነገር ያስፈልጋል። ጊዜ ካላችሁ አንድ ጧት እስከ አርሲ ነገሌ ወርዳችሁ በገበያ ቀን የአርሲ ሴቶች በዛጎልና በዶቃ የሚያስጌጡትን የወተት ዕቃ ፈልጉ። ሲንቄ ካያችሁ ለጌጥ ብላችሁ አትግዙ። ሲንቄ ለአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት፣ መብቷ የሚከበርበት በትር ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ አይደለም። የነገሌ አረቄም ስሙ የገነነ ነው፤ የሚጠጣ አማች ካለሽ ጥቂት ያዢለት።

ነገሌ ድረስ መሄዱ ካልተመቸሽ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የምመርጥልሽ አለ። በስልክሽ የልጆቹን ፎቶ፣ ቡናማው ውሃ ዳር አሸዋ ሲጫወቱ አንሺ። አዳማ ስትገቢ ፎቶ ቤት አሳጥበሽ ፍሬም ውስጥ አስገቢው። ፍሬሙን ለእናቱ የሚሰጠው ባለቤትሽ ይሁን፤ ‹እናቴ ምን ትለኝ› የሚለው ጭንቀት የእሱም ነውና በእጁ ይስጣቸው።

ለጎረቤቶችሽና ለእህቶቹ በየቤቱ ማዞር አያስፈልግሽም፤ ወጪውም ይበዛል፣ ማን ምን ደረሰው የሚለው መተያየትም ይመጣል። አንድ ላይ ቡና ጥሪያቸው። ቆሮሶውን ጥበሺ፣ ፓፓያውን ቁረጪ፣ ላንጋኖ ያያችሁትን ልጆቹ ራሳቸው ያውሩላቸው። የዱባዩዋ እህት ያን ሰሞን አገር ውስጥ ካለች ከሁሉ ቀድመሽ እሷን ጥሪ፤ ለእሷም ቢሆን እንዲህ ያለ ቀን በየጊዜው አይገኝም። ዓሣው አያድርምና ጥሪውን ሳትነሺ በፊት፣ ለምትመለሱበት ማታ አድርጊው።