ወንድ ወይስ ሴት? የስምንተኛ ክፍልን ሳይንስ እንከልስ



በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል የተማራችሁትን ሳይንስ ለፈተና ሸምድዳችሁ ረስታችሁት ይሆናል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከዚያ ትምህርት አንዷ ገጽ ግን ስትረሳ ትዳር ታናጋለችና ዛሬ አብረን እንመልከታት።

በቅርቡ እዚህ ደምበጫ አንዲት እናት ወደ ክሊኒካችን መጡ። አራት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ አምስተኛ አይፈልጉም። የባል ዘመዶች ግን «ወንድ ካልወለደች ሌላ ያግባ» እያሉ ስላስጨነቋቸው የሦስት ወር መርፌያቸውን ሊያቋርጡ ነው። ወንድ የሚያስወልድ መድኃኒት ካለም ጠየቁኝ። ባለቤታቸውን ይዘው እንዲመለሱ ነገርኳቸው፤ አብረው መጡ።

የነገርኳቸው ይህን ነው። በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ የዘር ባሕርይ የሚሸከሙ ክሮሞሶም የሚባሉ ክሮች አሉ። ቁጥራቸው 46፣ ማለትም 23 ጥንድ ነው። ፆታን የሚወስነው አንዱ ጥንድ ነው፤ በሴት ሁለቱም ኤክስ ናቸው፣ በወንድ ግን አንዱ ኤክስ፣ ሌላው ዋይ። እንቁላልና የወንድ ዘር ሲዘጋጁ ጥንዶቹ ስለሚለያዩ እያንዳንዳቸው 23 ብቻ ይይዛሉ። ስለዚህ እንቁላል ሁልጊዜ የሚይዘው ኤክስ ነው፤ እናት ሌላ የላትም። ከአባት ዘር ግን ግማሹ ኤክስ፣ ግማሹ ዋይ ይይዛል። ወደ እንቁላሉ የገባው ባለ ኤክሱ ከሆነ ሴት፣ ባለ ዋዩ ከሆነ ወንድ ይፀነሳል። ነገሩ ያኔውኑ ያልቃል፣ እናትየዋ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። ከዚያ በኋላ የሚጠጣ ሥርም ሆነ የሚመረጥ ምግብ አይለውጠውም።

ይህን ቀድመው ከደረሱበት አንዷ አሜሪካዊቷ ኔቲ ስቲቨንስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1905። የመረመሩትም ዱቄት የሚያበላሸውን ጥንዚዛ ነበር፣ እኛ በወንፊት ነፍተን የምንጥለውን ዓይነት!

ቀይ ጤፍ የዘራ ገበሬ «ነጭ አላበቀለልኝም» ብሎ መሬቱን አይከስም። ምሳሌው ግን ጎዶሎ ነው፤ እናት መሬት ብቻ አይደለችም፣ የዘሩ ግማሽ የእሷ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የአባት ነው? አይደለም። የትኛው ዘር እንደሚቀድም አባትም አያዝም። አንድ ብር ሳንቲም አራት ጊዜ ወርውሩ። አራቱንም ጊዜ አንበሳ መውጣቱ በአማካይ ከ16 ሙከራ አንዴ ያጋጥማል። አራት ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦችም በግምት ከ16ቱ አንዱ ሴቶች ብቻ ይኖሩታል። «አሁንስ የወንድ ተራ ነው» የሚሉ አሉ፤ ሳንቲም ግን ያለፈውን አያስታውስም። አምስተኛውም ልጅ ወንድ የመሆን ዕድሉ ያው ግማሽ ያህል ነው።

ባልየው በወረቀት የሣልኩላቸውን ኤክስና ዋይ ትኩር ብለው አዩና «ሲስተር፣ ይህንን እኮ በትልቋ ልጄ ደብተር ላይ አይቼዋለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ናት» አሉ። ሚስትየዋ መርፌያቸውን ተወጉ። ባልየውም ወረቀቱን ለእናታቸው ሊያሳዩ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።