የደም ስኳር ማነስ፦ በኮቪድ-19 ወቅት የስኳር ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ሊያውቁት የሚገባ

በኮቪድ-19 የተያዘ ሰው የምግብ ፍላጎቱ ሊቀንስ፣ ሊያስመልሰው ወይም ሊያስቀምጠው ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ በቂ ምግብ ሳይበላ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ እንክብል እንደወትሮው ከወሰደ፣ የደም ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። መጠኑ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም ሲያንስ የደም ስኳር ማነስ ይባላል፤ ከ54 በታች ሲሆን ደግሞ አፋጣኝ እርምጃ ይሻል።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኃይል አንድ አምስተኛውን ገደማ ይወስዳል። ዋና ምግቡ በደም የሚደርሰው ስኳር ነው፤ በቂ ክምችትም የለውም። ስኳር ሲያንስ ሰውነት በመጀመሪያ አድሬናሊን በማመንጨት ያስጠነቅቃል፦ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያሰምጣል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ረሃብና ጭንቀት ይሰማል። እጥረቱ ሲቀጥል የአንጎል ሥራ ይታወካል፦ አቅም ይከዳል፣ ሐሳብ ይበታተናል፣ ንግግር ይተሳሰራል፤ ታማሚው ያለ ምክንያት ሊቆጣ ወይም ሊያለቅስ ይችላል። በመጨረሻም መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊከተል ይችላል።

ስለዚህ ድንገተኛ ቁጣን የጠባይ ለውጥ፣ ላብና ድካምን ደግሞ የኮቪድ ምልክት ብቻ አድርጎ መተው አደገኛ ነው። ምልክቶቹ ሲታዩ፦

1. መለኪያ ካለ የደም ስኳርን ወዲያውኑ መለካት፤ ከሌለ ሳይዘገዩ ወደሚቀጥለው እርምጃ ማለፍ።
2. ታማሚው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት።
3. ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው መድገም፤ ሲሻለው ምግብ እንዲበላ ማድረግ።
4. ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ነገር አለመስጠት፤ በጎኑ አስተኝቶ አምቡላንስ መጥራት ወይም በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ።

በተለየ ክፍል ተለይቶ የሚያገግም የስኳር ሕመምተኛ ስኳርና ውኃ ከአልጋው አጠገብ ሊኖረው ይገባል። ቤተሰብም በስልክ ወይም ጭምብል አድርጎ ከበር ላይ ሆኖ ቀንም ሌሊትም ሊጠይቀው ይገባል፤ አእምሮው የደከመ ሰው እርዳታ መጥራትን ሊረሳ ይችላልና።

ሕመም የደም ስኳርን ከፍ ሊያደርግም ስለሚችል፣ ኢንሱሊንን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም። ምግብ አልበላ ሲል የመድኃኒቱን መጠን ከጤና ባለሙያ ጋር መመካከር ያስፈልጋል።