ደምን በኤሌክትሪክ ጅረት ማቆም

ቦርከናን ከደሴ ቁልቁል እስከ ከሚሴ የተከተለ ሰው እንደሚያስተውለው፣ ወንዙ በጠባብ ሸለቆ እየተጣደፈ ወርዶ ጨፋ ሜዳ ሲደርስ ተንጣሎ ጸጥ ይላል። የቁልቁለቱን ነገር ለጊዜው ብንተወው፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ውሃው የሚያልፍበት ስፋት ነው። የኤሌክትሪክ ጅረትም (ስሙም ያው ነው) በዚሁ ሕግ ይመራል።

በትልቁ አንጀት ውስጥ ከሚበቅሉት ፖሊፕ የተባሉ እባጮች አንዳንዶቹ በጊዜ ብዛት ወደ ካንሰር ይለወጣሉ። ስለሆነም ሐኪሙ ሆድ ሳይከፍት፣ ካሜራ ባለው ተጣጣፊ ቱቦ አማካይነት በሽቦ ቀለበት አንቆ ይቆርጣቸዋል። ደም ቢፈስ ግን በጣቱ ሊጫነው አይችልም። ስለዚህ በሽቦው ጅረት ይልካል።

ጅረቱ የሚመለሰው ጭን ላይ በተለጠፈ ሰፊ ሰሌዳ ነው። ሽቦው 1፣ ሰሌዳው 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይነካል እንበል። የጅረቱ እፍግታ በሽቦው ዘንድ 100 እጥፍ ነው፤ የሚፈጠረው ሙቀት የእፍግታውን ስኩዌር ስለሚከተል 10,000 እጥፍ ይሆናል። ጭኑ እምብዛም አይሞቅም።

ሕመምተኛውንስ ለምን አይነዝረውም? የቤታችን ኮረንቲ በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ ይኸኛው ግን ከ300,000 ጊዜ በላይ ይመላለሳል፤ ነርቭ ይህን ፍጥነት መከተል አይችልም። ፈረንሳዊው ዳርሶንቫል ይህን ያሳየው በ1891 እ.ኤ.አ. ነበር። ቦቪ የሠራውን መሣሪያ ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ ኩሺንግ በ1926 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ተጠቀመበት።

ከሁሉ የሚከብደው የሙቀቱን ልክ ማወቅ ነው። ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ፕሮቲን እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋል። ይሁን እንጂ የሚፈስ ደም ሙቀቱን ጠርጎ ይወስዳል፤ የጋለ ብረት ወንዝ ውስጥ እንደ መንከር ነው። ሙቀቱን እንጨምር ብንል የአንጀቱ ግድግዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሊበሳ ይችላል። መፍትሔው አስቀድሞ የደም ሥሩን በመቆንጠጫ ጨብጦ ፍሰቱን መግታት፣ ከዚያ ለአጭር ጊዜ ማሞቅ ነው። አድሬናሊን መውጋትም ይረዳል፤ የደም ሥሩ ሬዲየስ በግማሽ ቢጠብ ፍሰቱ ወደ 1/16 ይወርዳልና።

ሙቀት ጠልቆ ከገባ ደግሞ ቅርፊቱ ሲላቀቅ፣ እስከ 2 ሳምንት ቆይቶም ቢሆን ደም ሊፈስ ይችላል። ርቆ ሄዶ ታክሞ ወደ ከሚሴ ዙሪያ ገጠር ለተመለሰ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ፖሊፖችን ዛሬ ያለ ጅረት፣ በሽቦው ብቻ መቁረጥ የተመረጠውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚፈሰው ጥቂት ደም ብዙውን ጊዜ በራሱ ይቆማል። ካልቆመ ክሊፕ የተባለ ትንሽ የብረት መቆንጠጫ ይደረግበታል፤ ቁስሉ ሲድን ወልቆ ከሰገራ ጋር ይወጣል።